ከኬሞ በኋላ ማን ያስነሳዋል? ጌም፣ ጉብኝትና ካንሰር በአንድ ጥናት ሲገናኙ

ቀዶ ጥገናውን አልፎ ኬሞውን የጨረሰ የካንሰር ታማሚ ሐኪሙ ፊት ይቀመጣል። ሐኪሙ ውጤቱን ያያል። "ጥሩ ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንቅስቃሴ ያዘውትሩ" ይለዋል። ታማሚው "እሺ ዶክተር" ብሎ ይወጣል። ከዚያስ?

ይህቺ "ከዚያስ?" ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች። ለረጅም ጊዜ ግን ባለቤት ያጣች ጥያቄ ነበረች። ሐኪሙ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና ጠንቁን አሳምሮ ያውቃል። ድካም የተጫነው ሰው በማግስቱ ማለዳ ተነስቶ ጫማውን እንዲያጠልቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ግን የህክምና ትምህርት ቤት ብዙም አያስተምርም። ይህን የሚያጠኑት ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ናቸው። የጌም ዲዛይን ተመራማሪዎች ሰው ማንም ሳያስገድደው አንድን ከባድ ነገር ለምን ደጋግሞ እንደሚሞክር ይመረምራሉ። የቱሪዝም ተመራማሪዎች ደግሞ ሰው ለምን ከቤቱ ወጥቶ፣ እግሩን አድክሞ፣ አንድ ቦታ ለማየት እንደሚሄድ ይጠይቃሉ።

ሦስቱን አንድ ላይ አድርጌ ልመራመር የሚል ሰው ሲመጣ ብዙዎች ግራ ይገባቸዋል። "ጌምና ጉብኝትን ከካንሰር ጋር ምን አገናኛቸው?" ይላሉ። አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ነገሩን በተከታተልኩት ቁጥር አንድ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚታየኝ። የደከመ ሰው፣ ማንም በማያየው ቀን፣ ቀጣዩን እርምጃ የሚራመደው ለምንድን ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ እንቅስቃሴ ለካንሰር ታማሚ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ እንይ። ብዙ ሰው እንደ ምክር እንጂ እንደ ህክምና አያየውም። በጁን 2025 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ "ቻሌንጅ" የተባለ ጥናት ውጤት ወጣ። 889 የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎች ተሳትፈውበታል። በአብዛኛው የካናዳና የአውስትራሊያ ሰዎች ናቸው። ምዝገባው የተጀመረው በ2009 ነው። ሁሉም ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ኬሞ ጨርሰዋል። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ስለ ጤናማ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ የሚያስረዳ ጽሑፍ ተሰጠው። ሁለተኛው ቡድን ያንኑ ጽሑፍ ወሰደ፤ በተጨማሪ ግን ለሦስት ዓመት አብሮት የሚቆም ባለሙያ ተመደበለት።

ባለሙያው መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ፣ በኋላ ደግሞ በየወሩ ያገኛቸው ነበር። አብሯቸው ግብ ያወጣል። ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ይጠይቃል። ዝናብ ሲሆን፣ ጉልበት ሲያማቸው፣ ሲሰለቻቸው ምን እንደሚያደርጉ አብሮ ይመክራል። ስፖርቱ ማራቶን አልነበረም። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለመረጠ ሰው በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ በቀን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መራመድ ይበቃዋል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት ባለሙያ በተመደበለት ቡድን 80.3 በመቶ፣ ጽሑፍ ብቻ በተሰጠው ቡድን 73.9 በመቶ ሆነው ተገኙ። በስምንተኛው ዓመት በሕይወት ያሉት ደግሞ 90.3 በመቶ እና 83.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ወደ ሰው እንመልሰው። ከመቶ ታማሚ ሰባት ሰው ማለት ነው። አንዳንድ ውድ መድኃኒቶች ከዚህ ያነሰ ውጤት ይዘው ፈቃድ ያገኛሉ። ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ህመም በተንቀሳቃሾቹ ላይ በዝቶ ታይቷል። እንቅስቃሴው የመጣውም በኬሞው ላይ ተጨምሮ እንጂ ኬሞውን ተክቶ አይደለም። ይህን አስምሬ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ "ካንሰር በእግር ጉዞ ይድናል" የሚል ወሬ ሰው ይጎዳል።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጽሑፉን ሁለቱም ቡድኖች ወስደዋል። እንቅስቃሴ ጥሩ መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው እውቀት አይደለም። አብሮ የቆመ ሰው፣ የተቆረሰ ግብና ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተቋረጠ ክትትል ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አዲስ ካንሰር ተገኝቶበታል። በሽታው ከተገኘባቸው አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በሕይወት ያሉት 53.5 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ይገመታል። ለእያንዳንዳቸው ለሦስት ዓመት የሚከታተል ባለሙያ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ወደያዘው ነገር አዞሩ። ስልክ። ስልክ ውስጥ ደግሞ ሰውን ለሰዓታት አፍዝዞ የሚያስቀምጠው ጌም ነው። ጌሚፊኬሽን የሚባለው ሐሳብ ወደ ህክምና የገባው በዚህ በር ነው። በ2011 አራት ተመራማሪዎች ቃሉን "የጌም ዲዛይን ክፍሎችን ጌም ባልሆነ ነገር ላይ መጠቀም" ብለው ፈቱት። ይህ ፍቺ እስካሁን ይጠቀሳል።

በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ወደ ሦስት ዕቃ ይወርዳል። ነጥብ፣ ባጅና የደረጃ ሰንጠረዥ። ተራመድ፣ ነጥብ ውሰድ። ሰባት ቀን ሳትዘል ቆይ፣ ባጅ ውሰድ። ጓደኛህን ብለጠው፣ ስምህ ከላይ ይውጣ። ይህ አሰራር ጥንት የተገኘ አንድ ማስጠንቀቂያን የረሳ ይመስለኛል።

በ1971 ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ክፍል አስገብቶ ሶማ የሚባል የኩብ እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ቁርጥራጮቹን ገጣጥሞ የተሰጠን ቅርጽ ማውጣት ነው ጨዋታው። ልብ ይሰቅላል። ሙከራው ሦስት ዙር ነበረው። በሁለተኛው ዙር ለአንደኛው ቡድን ለእያንዳንዱ የተፈታ እንቆቅልሽ አንድ ዶላር ተከፈለው። በሦስተኛው ዙር ክፍያው ቀረ። በየዙሩ መሃል ተመራማሪው ምክንያት ፈጥሮ ለስምንት ደቂቃ ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ መጽሔቶች ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ ብቻቸውን ሲቀሩ ምን እንደሚያደርጉ ከመስታወት ጀርባ ይታያል። ክፍያ ጭራሽ ያልተሰጣቸው ተማሪዎች እንቆቅልሹን መነካካት ቀጠሉ። የተከፈላቸው ግን ክፍያው ሲቀር ከበፊቱ ያነሰ ጊዜ ነበር የሰጡት። ያው ኩብ፣ ያው ጠረጴዛ። ገንዘቡ ገብቶ ሲወጣ ፍላጎታቸውንም ይዞ ወጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር በሕፃናት ላይ አዩ። ሥዕል የሚወዱ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ "ከሳላችሁ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" ተባሉ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሞቹ በነጻ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሳሉት ልጆች ሽልማት ካልነበራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ሳሉ። ሳይጠብቁት ድንገት የተሸለሙት ልጆች ግን ምንም አልሆኑም። ስለዚህ ጎጂው ሽልማቱ ራሱ አይደለም። "ይህን የምታደርገው ለሽልማቱ ነው" የሚለው መልእክት ነው።

ዴሲና ባልደረባው ሪቻርድ ራያን በኋላ ነገሩን ወደ ሦስት ፍላጎቶች አጠቃለሉት። ሰው በራሱ ፈቃድ ማድረግ ይፈልጋል። እየቻልኩ ነው የሚል ስሜት ይፈልጋል። ከሌሎች ጋር መያያዝ ይፈልጋል። ጥሩ ጌም እነዚህን ሦስቱን ይመግባል። ነጥቡ ጌጥ ነው። "ቻሌንጅ" ላይ የነበረው ባለሙያም ሳያስበው ይሆናል እንጂ ያደረገው ይህንኑ ነው። የስፖርቱን ዓይነት ታማሚው ራሱ ይመርጣል። ግቡ ከአቅሙ ጋር ያድጋል። የሚጠይቀውም ሰው አለ።

በካንሰር ህክምና ጌም በቁም ነገር ተፈትኖ የሰራበት ጊዜ አለ። "ሪ-ሚሽን" ይባላል። በ2006 ነው የወጣው። ተጫዋቹ ሮክሲ የምትባል ትንሽዬ ሮቦት ይዞ በሰው ሰውነት ውስጥ እየበረረ የካንሰር ሴሎችን ይመታል፣ ኬሞ ይረጫል። በ2008 በታተመው ጥናት ከ13 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው 375 ታማሚዎች በሦስት አገሮች በሚገኙ 34 የህክምና ማዕከላት ተሳተፉ። ግማሾቹ ሪ-ሚሽንን፣ ግማሾቹ ሌላ ተራ ጌም ተሰጣቸው። ይህ ንጽጽር ብልህ ነው። ጌም መጫወቱ በራሱ ነው ወይስ ይህ ጌም የሚለውን ይለያል።

የመድኃኒት አወሳሰዳቸውን ያወቁት ታማሚዎቹን ጠይቀው ብቻ አይደለም። የአንቲባዮቲኩ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግብ መሣሪያ ነበር። በአፍ የሚወሰደው የኬሞ ኪኒን ደግሞ ደም ተወስዶ ተለካ። ሪ-ሚሽን የተጫወቱት መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ ወሰዱ። ስለ በሽታቸው ያላቸው እውቀትና "እችላለሁ" የሚል እምነታቸውም ጨመረ። ጭንቀታቸውና አጠቃላይ የኑሮ ስሜታቸው ላይ ግን ለውጥ አልታየም።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? አጣዳፊ የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ከከባዱ ህክምና በኋላ ለሁለት ለሦስት ዓመት ያህል በየቀኑ ኪኒን ይውጣል። ፀጉሩ ተመልሷል። ትምህርት ቤት ገብቷል። ህመም የለውም። ኪኒኑ ግን ሆዱን ይረብሸዋል። በዚህ ጊዜ መዝለል ቀላል ነው። በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ ከታዘዘላቸው ኪኒን ከ95 በመቶ በታች በወሰዱ ልጆች ላይ በሽታው የመመለስ አደጋው ከፍ ይላል። በወር ሁለት ቀን መዝለል ልጁን ከዚያ መስመር በታች ያወርደዋል። ሮክሲ የሰራችው ሥራ ኪኒኑን ከእናት ትእዛዝ ወደ ራሱ መሣሪያ መቀየር ነው ብዬ አስባለሁ። "ዋጥ" የሚለው "ተኩስ" ሆነለት።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለኝ። ተኩስና ጦርነት ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ኃይል ይሰጣል። ግን ካንሰርን በጦርነት ቋንቋ ብቻ ስናወራ የሚሞተው ሰው "የተሸነፈ" ይሆናል። በ2015 የታተመ ጥናትም እንዲህ ያለው የጦርነት ቋንቋ ሰዎች አንዳንድ ጎጂ ልማዶችን ለመተው ያላቸውን ፍላጎት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጌም ሰሪ ዘይቤ ሲመርጥ የሚያስጌጥ ይመስለዋል። መድኃኒት እየመረጠ መሆኑን ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ቦታ እንሂድ። በጁላይ 2016 "ፖክሞን ጎ" የተባለ፣ ስልክ ይዞ በእግር እየዞሩ ምናባዊ ፍጥረታትን የሚያድኑበት ጌም ወጣና ሰው በአንዴ ወደ ጎዳና ፈሰሰ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጫወት የነበረ ወጣት መናፈሻ ለመናፈሻ፣ ሐውልት ለሐውልት መዞር ጀመረ። የቱሪዝም ሰዎች ተደሰቱ። የጤና ሰዎችም ተደሰቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ግን የደስታውን ልክ አሳየ። አፑን የጫኑት ወጣት ጎልማሶች በመጀመሪያው ሳምንት በቀን በአማካይ 955 ተጨማሪ እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ቁጥሩ በየሳምንቱ እየወረደ ሄደ። በስድስተኛው ሳምንት ሁሉም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ስድስት ሳምንት! የአንጀት ካንሰር ታማሚው የሚያስፈልገው ሦስት ዓመት ነው።

ሌላም ነገር ተከሰተ። ናዚዎች የጨፈጨፏቸው አይሁዶች የሚታሰቡበት በዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ሰዎች ውስጡ ጌሙን እንዳይጫወቱ ለመነ። የናዚዎች የሞት ካምፕ የነበረው የአውሽቪትዝ መታሰቢያም እንዲሁ። ከቦታው በላይ ነጥብ ሲለጠፍበት ቦታው ጠፋ። ጎብኚው ሐውልቱ ፊት ቆሞ ስክሪኑን ያያል። ይህ የጌም ጥፋት ብቻ አይደለም። ሽልማቱን ከቦታው ውጪ የሚያስቀምጥ ንድፍ ሁሉ ይህን ያደርጋል።

ሽልማቱ ከቦታው ጋር ሲጣበቅ ግን ሌላ ነው። በስፔን ወደምትገኘው ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ በእግር የሚሄዱ መንፈሳዊ ተጓዦች አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይይዛሉ። በየመንገዱ ባሉ ቤተ ክርስቲያኖችና ማደሪያዎች ማኅተም ይመታላቸዋል። የመጨረሻውን ምስክር ወረቀት ለማግኘት በእግር ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። በጃፓን የሺኮኩ ደሴት 88ቱን ቤተ መቅደሶች የሚዞሩ ሰዎችም የማኅተም መጽሐፍ አላቸው። ከስልክ በፊት የነበረ ጌም ነው ይህ። ነጥብ አለው፣ ደረጃ አለው፣ መጨረሻ አለው። ማኅተሙ ግን የሚለው "አንደኛ ወጣህ" አይደለም። "እዚህ ነበርክ" ነው። አንዱ ማኅተም ከሌላው አይመሳሰልም። የመታው ሰው አለ፣ የተመታበት ቀን አለ። ወረቀቷን የሚያስቀምጧት ለዚህ ነው።

ለካንሰር ታማሚ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የቱሪዝም ስታቲስቲክስ ጎብኚን የሚለየው "ከተለመደው አካባቢው ውጪ" በመሄዱ ነው። ይህን ትርጉም በታማሚ ዓይን ስታየው ይገርማል። ለወራት ዓለሙ አልጋው፣ መታጠቢያ ቤቱና የሆስፒታሉ ኮሪደር ሆኖ የከረመ ሰው "የተለመደ አካባቢው" ጠብቧል። ለእሱ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ያለው መናፈሻ እውነተኛ ጉዞ ነው። በአካባቢ ቱሪዝም የተካነ ተመራማሪ ለሐኪሙ ሊሰጠው የሚችለው ነገር እዚህ አለ። ቅርብ ያለን ቦታ ለማየት እንደሚገባ ቦታ አድርጎ መግለጥ ይችልበታል። ይህ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው? ይህን ድልድይ ማን ሰራው? ታሪክ ያለው መንገድ ከታሪክ አልባው መንገድ ያጥራል። የሄደ ሰው ያውቀዋል።

ግን መንገዱን ለመንደፍ የህክምናውን ዝርዝር ማወቅ ግድ ነው። ለአንጀት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ነው። ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው ለቀናት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቱን በመርፌ የተወጋ ያህል ይሰማዋል። በኋላም እግሩ ሊደነዝዝ፣ ጠጠር ላይ ሚዛኑን ሊስት ይችላል። ካፔሲታቢን የሚባለው ኪኒን ደግሞ መዳፍንና የእግር መርገጫን ያቆስላል። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ። ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ሰው የሚበዛበት ቦታ አደገኛ ነው። አንጀቱ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ሽንት ቤት የት እንዳለ ሳያውቅ ከቤት አይወጣም።

እነዚህን ይዘህ ተራ የጉብኝት አፕ ክፈት። የሚያሳይህ "ምርጥ ዕይታዎች" ነው። ለዚህ ሰው ምርጡ ነገር አግዳሚ ወንበር ነው። ከእንጨት የተሰራ እንጂ የብረት ያልሆነ። በየስንት ሜትሩ እንዳለ የታወቀ። ጥላ ያለው። አስፋልቱ ያልተቦዳደሰ። ሰው የማይበዛበት ሰዓት የተጻፈበት። አንድ የጌም ዲዛይነር፣ አንድ የቱሪዝም ባለሙያና አንድ የካንሰር ነርስ አንድ ካርታ ከበው ቢቀመጡ መጀመሪያ የሚጨቃጨቁት በወንበሩ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል። የጋራ ምርምር የሚባለው እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ ነው።

ይህን የምለው አንድ ነገር ስላየሁ ነው። አክስቴ የጡት ካንሰር ታመው ኬሞ ሲወስዱ ስልካቸው ላይ እርምጃ የሚቆጥር አፕ ጫንኩላቸው። ለበጎ ብዬ ነው። መጀመሪያ ወደዱት። በየቀኑ እየደወሉ "ዛሬ ሦስት ሺህ ገባሁ" ይሉኝ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሳይዘሉ ቆዩ። ከዚያ የሚቀጥለው ዙር ኬሞ መጣ። ያን ቀን ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ባልዲው ከአልጋው ሥር ነው። ስልኩ ጢው አለ። "ተከታታይ ቀንዎ ሊቋረጥ ነው! አሁንም ጊዜ አለዎት" ይላል። አክስቴ አነበቡት። ስልኩን ገልብጠው ኮመዲኖው ላይ አስቀመጡት። "ለሱም አልበቃሁትም" አሉ። ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

አፑን የሰራው ሰው ክፉ አይደለም። ያሰበው ሰውነት ግን በየቀኑ እየጠነከረ የሚሄድ ሰውነት ነው። የኬሞ ሰውነት እንደዚያ አይሄድም። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ እንደገና በቀጠሮ ይወድቃል። ሐኪሙ የሚወድቅበትን ሳምንት ቀድሞ ያውቀዋል። አፑ ግን አልተነገረውም። መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። የኬሞውን ቀጠሮ የሚያውቅ አፕ ያን ሳምንት ግቡን እስከ በር ድረስ መሄድ ሊያደርገው ይችላል። ማረፍንም እንደ ተሰራ ሥራ ሊቆጥረው ይችላል። ለዚህ ግን ሁለቱ ባለሙያዎች መጀመሪያ መነጋገር ነበረባቸው።

የደረጃ ሰንጠረዥ ነገር ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው። በ2019 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ 602 ክብደታቸው ከፍ ያለ ሠራተኞችን ለስድስት ወር አሳተፈ። አንዱ ቡድን በፉክክር፣ ሌላው በትብብር፣ ሌላው በዘመድ ወዳጅ ድጋፍ ጌሙን ተጫወተ። ሁሉም ጌም ካልተሰጠው ቡድን የበለጠ ተራመዱ። ጌሙ ከቆመ ከሦስት ወር በኋላ ግን ልዩነቱ የቀረላቸው የፉክክሩ ቡድን ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "እንግዲያው ታማሚዎችንም እናፎካክር" ሊል ይችላል። እኔ አልልም። ሠራተኞቹ ጤነኛ ናቸው። የታማሚዎች ሰንጠረዥ ላይ ግን አንድ ቀን አንድ ስም መንቀሳቀስ ያቆማል። ከሱ በታች የነበረው ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ይህን የሚያደርግ ስክሪን በምንም ምክንያት መሠራት ያለበት አይመስለኝም። ፉክክር ካስፈለገ ሰው ካለፈው ማክሰኞ ራሱ ጋር ይፎካከር፣ ወይም ቡድኑ አንድ ላይ አንድ ርቀት ይሙላ።

የምርምሩ ዓለም ራሱ ብዙ የሚያስተካክለው ነገር አለው። ሦስቱ ዘርፎች ስኬትን በተለያየ ሚዛን ነው የሚለኩት። ጌም ሰሪው ዛሬ ስንት ሰው አፑን እንደከፈተ ይቆጥራል። ቱሪዝሙ ስንት ጎብኚ እንደመጣ ይቆጥራል። ሐኪሙ ስንት ሰው በሕይወት እንዳለ ይቆጥራል። የመጀመሪያው በሳምንት፣ የመጨረሻው በስምንት ዓመት ይታወቃል። ለዚህ ነው ብዙ የጤና ጌም ጥናት ጥቂት ሳምንት ቆይቶ "ውጤታማ ነው" ብሎ የሚዘጋው። አዲስ ነገር ሁሌም ለጥቂት ሳምንት ውጤታማ ነው። ፖክሞን አሳይቶናል።

ከህክምና ሙከራ ሌሎቹ መውሰድ ያለባቸው አንድ ልማድ አለ። ያቋረጠውን ሰው መቁጠር። በጥሩ የመድኃኒት ሙከራ በመጀመሪያው ቀን ዕጣ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ይቆጠራል፤ መድኃኒቱን ቢተውም። በአፕ ዓለም ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጠሩት የቀሩት ናቸው። የቀሩት ደግሞ መጀመሪያውኑ ጠንካሮቹ ናቸው። አክስቴ እንዲህ ባለው ጥናት ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ ከዳታው ይጠፉ ነበር። ውጤቱም ያለሳቸው ያምር ነበር።

ሐኪሙም ከጌም ሰሪው የሚወስደው አለ። ጌም ሰሪ ተጫዋቹ ሲሳሳት ተጫዋቹን አይወቅስም። ንድፉን ያያል። "ለምን እዚህ ጋ ሁሉም ይወድቃል?" ይላል። በህክምና ግን ኪኒኑን ያልወሰደ ታማሚ "የማይታዘዝ" ይባላል። ዓይን ሲቀየር ጥያቄው ይቀየራል። የሚንቀሳቀስበትን ቦታ የሚመዘግብ አፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰውየው በየሦስት ሳምንቱ የት ክሊኒክ እንደሚሄድ የሚያውቅ ስልክ ካንሰር እንዳለበት ያውቃል ማለት ነው። ያ መረጃ ለአሰሪም ለኢንሹራንስም መድረስ የለበትም። የጉብኝት አፕ ሰሪዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙም አልተጠየቁም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ ሁሌም ትዝ የሚለኝ ነጥብም ባጅም የሌለበት አንድ አነስተኛ ጥናት ነው። በ2003 የታተመ ነው። የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ገና የተነገራቸው 157 ሴቶች ነበሩበት። ለአንደኛው ቡድን የተሰጠው ነገር በሳምንት 120 ደቂቃ ከተፈጥሮ ጋር መቆየት ብቻ ነው። እዚያው በየቤታቸው አካባቢ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ ሌላ ህክምና ከመጀመሩ በፊት ትኩረታቸው ሲለካ ይህን ያደረጉት ሴቶች የተሻለ ሆነው ተገኙ። ትኩረት በዚያ ሰዓት ቅንጦት አይደለም። አንዲት ሴት ቀጥሎ የትኛውን ህክምና እንደምትወስድ የምትወስነው በእነዚያ ቀናት ነው። ወረቀቱን አንብባ፣ ሐኪሙን ጠይቃ፣ የሰማችውን ይዛ ወደ ቤቷ መመለስ አለባት።

አክስቴ ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ መራመድ ጀምረዋል። አፑን አጥፍቼላቸዋለሁ። ከጎረቤታቸው ጋር ነው የሚሄዱት፤ ጎረቤታቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መንገዱን የመረጡት አክስቴ ራሳቸው ናቸው። በመሃሉ የሚቀመጡበት የእንጨት ወንበር አለ። ባለፈው ስሄድ ከሱ አልፈው ያለውን ረድፍ ዛፍ አሳዩኝና "እስከዚያ ደግሞ በሚቀጥለው ወር" አሉኝ።